«300 አምፔር» የሚለውን የብየዳ ማሽን ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መደርደሪያ፣ የጠረጴዛ እግር፣ ምናልባትም ትንሽ የግቢ በር ቤትህ ውስጥ መሥራት ትፈልጋለህ። በይደህ አታውቅም። ኪስ የማይጎዳ ማሽን ይሁንልኝ ብለሃል። «ርካሽ 300 አምፔር አግኝቻለሁ፣ ልውሰደው ወይስ ሚግ ይሻለኛል?» የሚለው ደግሞ ዋናው ጥያቄህ ነው። ሚግ ማለት ከጥቅልል እየወጣ በሚቀልጥ ሽቦ የሚበይደው ማሽን ነው።

እኔ በሙያዬ በያጅ አይደለሁም። የዕረፍት ቀኔን ግን ከብረት ጋር ነው የማሳልፈው። እስካሁን ሦስት ማሽን ገዝቻለሁ፤ አንዱን በገዛ እጄ ገድየዋለሁ። ታሪኩን ወደታች እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ 300 አምፔሩን እናስላው። የኤሌክትሮድ ማሽን፣ ማለትም ልባስ ባለው የብረት ዘንግ የሚበይደው፣ ሲበይድ የሚሰጠው ቮልቴጅ የሚሰላበት የታወቀ ቀመር አለ፦ አምፔሩን በ0.04 አባዛና 20 ደምርበት። ለ300 አምፔር 32 ቮልት ይመጣል። 32 በ300 ሲባዛ 9,600 ዋት ነው። ይሄ ከማሽኑ የሚወጣው ብቻ ነው፤ የሚገባው ከዚያም ይበልጣል። አሁን ዞር ብለህ ግድግዳህ ላይ ያለውን ሶኬት እየው። ባለ 16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት ቢበዛ 3,520 ዋት ነው የሚሰጥህ። የቀረው ከየት ሊመጣ ነው? በአንድ እጅ በምትነሳ ትንሽ ሳጥን ላይ በትልቁ የሚጻፈው 300 ብዙውን ጊዜ የሞዴል ስም ነው። እንዳትሸወድ።

ደግሞስ ለምንህ? አንተ የምትበይደው ቱቦላሬ ውፍረቱ 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ለእሱ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ እሱም ከ60 እስከ 90 አምፔር ባለው ውስጥ ይሠራል። በ80 አምፔር ያንኑ ቀመር ብትጠቀም 1,856 ዋት ይመጣልሃል። ማሽኑ የሚያባክነውን ብትጨምርበትም ሶኬትህ ይችለዋል። ወፈር ላለ አንግል ብረት ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ ትይዛለህ። እሱ ከ90 እስከ 130 ይፈልጋል፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ስትጠጋ ግን ብሬከርህ ማጉረምረም ይጀምራል። ስለዚህ እውነተኛ 140 ወይም 160 አምፔር የሚሰጥ ማሽን ለአንተ ከበቂም በላይ ነው። «እውነተኛ» የምትለዋን ቃል ልብ በልልኝ።

የእኔ ምክር ቀጥተኛ ነው፦ ትንሽ ኢንቨርተር የኤሌክትሮድ ማሽን ግዛ፤ ኢንቨርተር ማለት ኮረንቲውን በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚለውጠው ቀለል ያለ ማሽን ነው። የድሮው ትራንስፎርመር ጠንካራ ነው፣ አይካድም። እኔም የጀመርኩት በእሱ ነው። ግን ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ስታበራው ያጓራል፤ ኤሌክትሮዱ ብረቱን በነካ ቁጥር የቤቱ አምፖል ሁሉ ይደበዝዝ ነበር። አብዛኞቹ ደግሞ የሚሰጡት ኤሲ፣ አቅጣጫው የሚቀያየር ኮረንቲ፣ ስለሆነ እሳቱ ለጀማሪ እጅ አስቸጋሪ ነው። ኢንቨርተር ዲሲ፣ አቅጣጫው የማይቀያየር ኮረንቲ፣ ይሰጥሃል፤ እሳቱ የተረጋጋ ነው፣ ኮረንቲም ይቆጥባል። ብዙዎቹ ኤሌክትሮዱ ብረት ላይ ሲጣበቅ አምፔሩን ራሳቸው የሚቀንሱበት ዘዴ አላቸው። ለጀማሪ ይቺ ነፍስ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ከምትበይደው ይልቅ የምትጣበቀው ይበልጣል። ኤሌክትሮዱን ክብሪት እንደምትጭር አድርገህ ጫር አድርገውና ወዲያው በራሱ ውፍረት ያህል ከፍ አድርገው። ከተጣበቀ ወዝወዝ አድርገህ ንቀለው፤ አልላቀቅ ካለ መያዣውን ከፍተህ ልቀቀው።

ሻጩን ልትጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር የሥራ መቶኛው ነው። ማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ አለ፤ እዚያ ላይ 30 በመቶ፣ 60 በመቶ እያለ ከአምፔር ጋር ይጽፋል። ልኬቱ በ10 ደቂቃ ነው። 160 አምፔር በ30 በመቶ ማለት በዚያ አምፔር ሦስት ደቂቃ ትበይዳለህ፣ ሰባት ደቂቃ ታሳርፈዋለህ ማለት ነው። ለፋብሪካ ያንሳል፤ ለአንተ ግን አያንስም። አንድ ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ከዚያ ቅርፊቱን በመዶሻ ታራግፋለህ፣ በሽቦ ብሩሽ ትፈትጋለህ፣ ቀጥ ማለቱን ታያለህ፣ ሻይህን ፉት ትላለህ። ማሽኑ ሳይነገረው ያርፋል። ሠንጠረዡ ጭራሽ ከሌለው ግን አትግዛው።

ሚግስ? ሚግ ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። የቶርቹን፣ የእጅ መያዣውን፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሽቦው ራሱ ይወጣል፣ እጅ ቶሎ ይለምደዋል። መኪና ቦዲ ልትጠግን ቢሆን፣ ማለትም የምትሠራው በአንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ባለ ላሜራ ላይ ቢሆን፣ ያለ ምንም ማመንታት ሚግ ግዛ እልህ ነበር። ኤሌክትሮድ እንዲህ ያለውን ላሜራ እንደ ወንፊት ነው የሚበሳሳው። ግን ሚግ ብየዳውን ከአየር የሚከልል ጋዝ አለው፣ ሲሊንደር አለው፣ መቆጣጠሪያ አለው፤ የማሽኑ ዋጋ መጀመሪያው ብቻ ነው። ደጅ ስትሠራ ደግሞ ትንሽ ንፋስ ጋዙን ትበትነውና ብየዳህ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ያለ ጋዝ የሚሠራው፣ ውስጡ ዱቄት ያለው ሽቦም አለ። እሱ ንፋስ አይፈራም፤ ፍንጣሪው ግን ብዙ ነው። እሱን ካሰብክ የቶርቹን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መቀያየር የሚቻልበት ማሽን ፈልግ፤ ይህ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ቶርቹ ኔጌቲቭ ላይ ሲሆን ነው የሚስማማው፣ የጋዙ ሽቦ ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ቲግ የሚባለውን፣ በማይቀልጥ የተንግስተን ጫፍና በጋዝ የሚበይደውን፣ ለጊዜው እርሳው። አሉሚኒየምንም እንዲሁ።

ሱቅ ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። ቁራጭ ቱቦላሬና ሁለት ኤሌክትሮድ ይዘህ ሂድ፣ እዚያው በይድበት፤ አንተ ካልቻልክ ሻጩን አስበይደው። ኬብሉን እይ። ከውጭ ወፍራም መስሎ ውስጡ ሽቦው ቀጭን የሆነ ብዙ አለ። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው፤ መዳብ መስሎ ከሥሩ ብር ቀለም ካሳየህ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ይግላል። ብረቱን የሚነክሰውን የግራውንድ መቆንጠጫም ጠበቅ አድርገህ ሞክረው። የእኔ ሁለተኛ ማሽን እሳቱ እየተቆራረጠ አንድ ወር አሰቃየኝ። ጥፋቱ ሁሉ የላላች መቆንጠጫና ያልተፋቀ ቀለም ነበር።

ከማሽኑ በቆጠብከው ገንዘብ ጥሩ ማስክ ግዛ። ራሱ የሚጨልመውን፣ የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር እስከ 10 ወይም 11 የሚደርሰውን። እኔ መጀመሪያ ላይ ብረቱን ለማያያዝ ነጥብ ነጥብ ሳደርግ «ለአንድ ነጥብ ብዬ ማስክ አላወርድም» እያልኩ ዓይኔን ብቻ ጨፈን አደርግ ነበር። ቀኑን ምንም አልተሰማኝም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተሞላ መስሎኝ ነቃሁ። እንባዬ አይቆምም፣ መብራት ማየት አልችልም። ሐኪም ቤት በሰው እጅ ተመርቼ ሄድኩ። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ለአንዲት ነጥብም ቢሆን ማስኬን አወርዳለሁ።

ልብስህ ጥጥ ይሁን። ናይሎን ነገር ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳህ ላይ ይጣበቃል። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ካጋጠመህ ልባሱን ፍቀህ አንሳና ደጅ በይደው፤ ነጩ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጥሃል። ቅባት ለማጽዳት ደግሞ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ እንዳትነካ። ቅሪቱ በብየዳ እሳት ሲመታ ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ያወጣል። በዚህ ቀልድ የለም።

አሁን ወደ ገደልኩት ማሽን። ኢንቨርተር ነበር፣ አሪፍ ነበር። ከጎኑ በግራይንደር እየቆረጥኩ ፍንጣሪው ወደ እሱ ሲሄድ ግድ አልሰጠኝም። አንድ ቀን ገና እንዳበራሁት ጧ! ብሎ ብሬከሩ ወረደ። ስከፍተው ቦርዱ ላይ ጥቁር የብረት ዱቄት ተነስንሶበታል። ማራገቢያው ለካ ዱቄቱን ሲስብልኝ ነው የከረመው። የብረት ዱቄት ደግሞ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ጠጋኙ አይቶ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ስትቆርጥ ማሽኑን አጥፋና አርቀው፤ አልፎ አልፎም ነቅለህ በአየር አስነፋው።

ማራዘሚያ የግድ ከሆነ ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አይነስ፣ ተጠቅልሎም አይቀመጥ፤ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። እንደተጠቀለለ ከሠራህበት ይግልና ፕላስቲኩ ይቀልጣል። 6013 የሚል የዓይነት ቁጥር ያለበትን ኤሌክትሮድ ግዛ፣ ለጀማሪ ገር ነው። 7018ን ሰዎች ያወድሱታል፣ እውነትም ጠንካራ ነው፤ ግን እርጥበት ከነካው ዋጋ የለውም፣ ማድረቂያም ይፈልጋል። ለመደርደሪያ አያስፈልግህም።

ያገለገለ ማሽን ይሻላል ወይ ብለህ በመጨረሻ ጠይቀሃል። ትራንስፎርመር ከሆነ ያገለገለ አልፈራም፣ ውስጡ የሚበላሽ ብዙ ነገር የለውም። ያገለገለ ኢንቨርተር ከሆነ ግን ከመግዛትህ በፊት ሦስት ኤሌክትሮድ በላይ በላዩ ጨርስበት። ማራገቢያው መዞሩን በጆሮህ ስማ። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በባትሪ ወደ ውስጥ እይ። ያ ጥቁር ዱቄት ከታየህ እንደኔ ዓይነት ሰው ነው የሚሸጥልህ።