መልስ፦ ለልጄ ቁንጭር በቅዝቃዜ ማከም ይሻላል?

እህቴ፣ የልጅሽ ጉንጭ ላይ የወጣው ቁንጭር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ የቆዳ ቁስል፣ ሌሽማንያሲስ) መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ፣ «በቅዝቃዜ ያቃጥሉታል» መባሉ አያስደንግጥሽ። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን በጥጥ ወይም በመርጫ ለጥቂት ሴኮንዶች ቁስሉ ላይ ይደረጋል፤ ቆዳው ነጭ ሆኖ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ከዚያ ይደገማል። የታመመው ሥጋ የሚሞተው በዚህ በረዶ መሥራትና መቅለጥ ነው።

ያማል፣ አልዋሽሽም። ውኃ ከቋጠረ አታፍርጪው። በአንድ ቀን ስለማያልቅ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ አለ፤ ሲሻለው አይተሽ እንዳታቋርጪ አደራ።

እንደኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ አስቀድመሽ መጠየቅ ያለብሽ ስለ ቀለሙ ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ብርድ ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚጎዳቸው ነጣ ያለ ምልክት ሊቀር ይችላል። አንዳንዱ በወራት ይመለሳል፣ አንዳንዱ ግን ይቀራል። ያም ሆኖ ሳይታከም የቆየ ቁንጭር የሚተወው ጠባሳ ይብሳል ባይ ነኝ።

ቁስሉ ከሰፋ ወይም አፍንጫና ከንፈር ውስጥ ከገባ ቅዝቃዜ ብቻውን አይበቃም፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። አዲስ አበባ መምጣት ከቻልሽ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች ይህን በሽታ በደንብ ያውቁታል። እስከዚያው ቅጠልም ሆነ የጋለ ብረት አታስነኪው።