ተማሪው 1/2ሀ ብሎ ሲጽፍ

ጥያቄ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ መልመጃ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው። ተማሪው 1/2ሀ ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ «የሀ ግማሽ» ብሎ ይወስደዋል። «1 ሲካፈል ለ2ሀ» ለማለት የጻፈው ልጅ ትክክለኛ መልሱ ስህተት ይባልበታል። የትኛውን የስሌት ቅደም ተከተል ልከተል?

መልስ፦ አንዱን በመምረጥ ብቻ አይፈታም፤ የካልኩሌተር አምራቾችም አልተስማሙበትም። 6÷2(1+2) ሲገባ የካሲዮ ክላስዊዝ 1 ይላል፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-84 ደግሞ 9። ካሲዮው ግን ደስ የሚል ጠባይ አለው፤ ሲያሰላ ቅንፍ ጨምሮ 6÷(2(1+2)) ብሎ የተረዳውን ያሳያል። የእርስዎም ያሳይ፤ ግን መልሱ ከመላኩ በፊት።

ከመጻፊያው ሳጥን ሥር የተረዳውን ላዕልና ታህቱ በተለየ ክፍልፋይ ይሳሉለት፤ መተየብ ባቆመ በ0.2 ሰከንድ ገደማ ይታደስ። ልጁ የጻፈውን ራሱን አይንኩበት፤ እየተየበ ሳለ ቅንፍ ከገባበት ጠቋሚው የት እንዳለ ይጠፋዋል።

አሻሚውን ለመለየት ጽሑፉን በሁለቱም መንገድ ያስሉና ውጤቶቹን ያወዳድሩ። ለሀ 1 ወይም -1 ከተኩ ግን ሁለቱ ንባቦች እኩል ይመጣሉና ፕሮግራሙ ችግሩን ሳያይ ያልፋል። እንደ 0.7 እና 2.3 ያሉ ሁለት ሦስት ቁጥሮች ይሞክሩ። ውጤቱ ካልተለያየ ልጁን አይጠይቁት፤ በየመስመሩ የሚጠይቅ መተግበሪያ ሳይነበብ «እሺ» ይባላል።

ከተለያየ፣ «ላክ» ሲነካ ሁለት ቁልፎች ይምጡ። በላያቸው ማብራሪያ ሳይሆን የተሳለ ክፍልፋይ ይሁን፤ በአንዱ ሀ ከክፍልፋዩ ጎን፣ በሌላው ታህቱ ውስጥ። አንዱም አስቀድሞ የተመረጠ አይሁን። መልሱን ይጠቁማል የሚል መምህር አይጠፋም፤ እርግጥ ትንሽ ይጠቁማል፣ ግን የሚፈተነው ሒሳቡ እንጂ የትየባ ችሎታው አይደለም።

ዳታቤዙ ውስጥ ልጁ የጻፈውንም ቅንፉ የተሟላለትንም ንባብ ያስቀምጡ። የጻፈው ብቻ ከተቀመጠ፣ ፓርሰሩን (የተጻፈውን ሒሳብ የሚተረጉመውን የፕሮግራሙን ክፍል) ባሻሻሉ ማግስት የድሮ ውጤቶች ይገለባበጣሉ።

-2^2ንም በዚሁ መንገድ ይያዙት፤ ኤክሴል 4 ይለዋል፣ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን (-2**2 ተብሎ ሲጻፍ) -4።

የክፍልፋይ ቁልፍ ካስገቡ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። 2 ከተጻፈ በኋላ ጠቋሚው ታህቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ ቀጥሎ የሚተየበው ሀ እዚያው ይገባል። ጠቋሚው ያለበትን ሳጥን በቀለም ይለዩ፤ ለመውጫም የቀኝ ቀስት ቁልፍ ስልኩ ኪቦርድ ላይ በግልጽ ይታይ።