«ዘንድሮ አይሆንም» ማለትን ከቶካይ ተማሩ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በእርሻም ሆነ በምግብ ማቀነባበር ሥራ ለጀመራችሁ ነው። በሙያዬ ካየኋቸው ቦታዎች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ቶካይን እመርጣለሁ። በሰሜን ምሥራቅ ሀንጋሪ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ የወይን አገር ነው። ወሰኑ በንጉሥ አዋጅ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1737 ነው፤ በ2002 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እኔ የምወደው ግን ለዝናው ብዬ አይደለም። ሰው አየሩን እያየ እንዴት እንደሚሠራ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶካይ ከተማ ላይ ቦድሮግና ቲሳ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። በመጸው ጠዋት ከወንዞቹ የሚነሳው ጉም ኮረብታውን ወጥቶ ወይኑን ይሸፍነዋል። በዚያ እርጥበት ቦትራይቲስ የተባለ ሻጋታ ፍሬው ላይ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ፀሐይና ንፋስ መጥተው ያደርቁታል። ሻጋታው ልጣጩን በስቶታልና የፍሬው ውኃ ይተናል። ፍሬው ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፤ ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ግን እዚያው ይቀራል። ይህን ፍሬም፣ ከእሱ የሚሠራውን የወይን ጠጅም አሱ ይሉታል።

አሁን ልብ በሉ። ጉሙ መጥቶ ፀሐይ ካልወጣች፣ ዝናቡም ከደጋገመ፣ ያው ሻጋታ ዘለላውን አበስብሶ ይጥለዋል። ጉሙ ጭራሽ ከቀረም አሱ የለም። ሻጋታው አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የከሰዓት በኋላው አየር ነው።

ለቃሚዎቹን ብታዩ ደግሞ! ዘለላውን ሙሉ አይቆርጡም። የደረቀውን ፍሬ አንድ በአንድ በጣት ይለቅማሉ። ያልደረሰውን ትተው ይሄዱና ሌላ ቀን ይመለሳሉ። ለቀማው እስከ ኅዳር ሊዘልቅ ይችላል። ድሮ ፍሬውን የሚለኩት ፑቶኒ በሚባል፣ በጀርባ በሚታዘል የእንጨት ዕቃ ነበር፤ ወደ 25 ኪሎ ይይዛል። 136 ሊትር በሚይዝ በርሜል ስንት ፑቶኒ እንደገባ ታይቶ ወይኑ ደረጃ ይሰጠው ነበር። ዛሬ የሚለካው ስኳሩ ነው። አሱ ለመባል በሊትር ቢያንስ 120 ግራም ያስፈልጋል። ፍሬው በራሱ ክብደት ተጨምቆ የሚንጠባጠበው ኤሰንሲያማ ከ450 ግራም ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ስኳር ለምን አያቅለሸልሽም? ብርዱ ነው። ዋናው ዝርያ ፉርሚንት ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ ቀዝቃዛው ሌሊትም ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማከብረው ያልተሠራውን ወይን ነው። አየሩ እምቢ ባለበት ዓመት ጥሩ አምራች አሱ አይሠራም። ዋጋው ውድ ሆኖ፣ ገዢው ደጅ ቆሞም ቢሆን አይሠራም። ከዚያው ፉርሚንት ስኳር የሌለው ነጭ ወይን ያወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ይህ «ደረቅ» የሚባለው ፉርሚንት በራሱ ስም አትርፏል።

እናንተንም አለቃ ይገፋችኋል፣ ገበያ ይገፋችኋል። የደረሰውንና ያልደረሰውን ደባልቃችሁ አታስረክቡ። ደግሞ ባዶ እምቢታ ማንም አይሰማም። «ዘንድሮ አይሆንም» ስትሉ ማስረጃ በእጃችሁ ይኑር። ከአሁኑ ደብተር ያዙ። የጠዋቱን ሙቀት፣ ዝናቡን፣ ንፋሱ የሚነሳበትን ሰዓት ጻፉ። ምርቱ እንዳሰባችሁት ባይሆን ለምን እንደምታውሉትም ከዘር በፊት ከአለቃችሁ ጋር ተነጋገሩ። በመከር ሰሞን ይህን ወሬ ማንም ቁጭ ብሎ አያዳምጥም።

ሀንጋሪ የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ በጥቅምት ሂዱ። ማድ የምትባል መንደር አለች፤ ዙሪያዋ ወይን ነው። ለቃሚዎቹን ተከተሏቸው። የተዉትን ፍሬ እያሳያችሁ ለምን እንደተዉት ጠይቋቸው።