ቲማቲም እንዲቀላ ቅጠሉን ማራገፍ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ወጣ ብሎ አዋሽ ዳር፣ ግማሽ ሄክታር ላይ ጋሊሊያ ቲማቲም በሞተር ውሃ እያለማሁ ነው። ፍሬው ጥሩ ይዟል፤ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቆመብኝ። ጎረቤቶቼ «ቅጠሉን አራግፍለት፣ ፀሐይ ሲያገኘው በሳምንት ይቀላል» ይሉኛል። እነሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ። የቀን ሠራተኛ ልቅጠር ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይተዉት። ሠራተኛ የሚቀጥሩበትን ገንዘብ ለለቀማ ያቆዩት።

ቲማቲም የሚቀላው ፀሐይ ስላየ አይደለም። ፍሬው ዕድገቱን ሲጨርስ ከራሱ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ መቅላቱን የሚያስጀምረው ይኸው ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጉ አድገው የጨረሱ ጥቂት አረንጓዴ ፍሬዎች ለቅመው፣ ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ከድነው ጥላ ቦታ ያስቀምጡ። ጨለማ ውስጥ ሆነው ሲቀሉ ያያሉ። ፍሬው ማደጉን መጨረሱን የሚያውቁት በስለት ሲቆርጡት ነው፦ ፍሬ ውስጡ ዝልግልግ ብሎ ዘሩ ከቢላው ከሸሸ ደርሷል፤ ዘሩ አብሮ ከተቆረጠ ገና ነው፣ ከተለቀመ በኋላ ምንም ቢያደርጉለት በወጉ አይቀላም።

ብርሃኑ ሳይሆን ሙቀቱ ነው ወሳኙ። ቀዩ ቀለም በደንብ የሚሠራው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከ30 በላይ ሲቆይበት ሥራው ይደክማል፣ ፍሬውም ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ይቀራል። የአዳማ አካባቢ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ እንዴት እንደሚያቃጥል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እንግዲህ በዚህ ወቅት ፍሬ የሚዘገየው ጥላ በዝቶበት ሳይሆን ሙቀት በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ሲያነሱበት ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ፍሬ ከአየሩ 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል። ያን ጊዜ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይሰረጉዳል፣ በኋላም ይሻግታል። እንዲህ ያለውን ፍሬ ነጋዴ ከሳጥኑ አውጥቶ ይጥለዋል።

ቅጠል ደግሞ የፍሬው ቀለብ ነው። የፍሬው ጣፋጭነትና ክብደት የሚመጣው ቅጠል ከሚሠራው ስኳር ነው። ጋሊሊያ ቁመቱ አጭር፣ ቅጠል የማውጣት ዕድገቱንም ቶሎ የሚያቆም ዓይነት ስለሆነ የተነሳበትን አይተካም። በመስታወት ቤት በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ የሚያድገው ቲማቲም ግን የታችኛው ቅጠሉ ቢነሳ ከላይ አዲስ ያወጣል። የዚያን አሠራር ወደ ሜዳ ማሳ ማምጣት ነው ጉዳቱ።

ጎረቤቶችዎ ግን ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ አልዋሹም። ቅጠሉን የሚያራግፉት ፍሬው ሊቀላ ሲቃረብ ነው፣ ስለዚህ በሳምንቱ ይቀላል። ሳይራገፍ የተተወ መስመር ከጎኑ ስለሌለ ያም በዚያው ሳምንት እንደሚቀላ አይታይም። አንድ መስመር አራግፈው ቀጣዩን ሳይነኩ ቢተዉና አብራችሁ ብትመዝኑት ደስ ይለኛል።

የሚነሳ ቅጠል የለም ማለቴ አይደለም። አፈር የሚነካውን፣ ቡናማ ክብ ክብ ነጠብጣብ ያለበትንና ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ውስጡን የበላውን ያንሱት። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ያንሱ፤ የለቀሙትን ማሳው ዳር አይጣሉት፣ አርቀው ይቅበሩት።

ዩሪያ በቅርቡ ጨምረው ከሆነ ከዚህ በኋላ ያቁሙ፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል፣ ፍሬውም ይዘገያል። «ቶሎ እንዲበስል» ብለው ውሃ ድንገት አይከልክሉ፤ ተጠምቶ ቆይቶ ውሃ ሲለቀቅበት ፍሬው ይሰነጠቃል። መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሱ።

አሁን በየሁለት ቀኑ ማሳውን ይዙሩ። ፍሬው ጫፉ ላይ ሮዝ ሲል ጠዋት በጊዜ ይልቀሙትና ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር በሳጥን ያቆዩት። በዚህ ሙቀት ከተክሉ ላይ ይልቅ ጥላ ሥር የተሻለ ቀይ ያወጣል፤ ጠንከር እንዳለም ስለሆነ እስከ አዲስ አበባ ሳይጨፈለቅ ይደርሳል።