ፊልሙ ውስጥ ያለው እባብና ካቡ ውስጥ ያለው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ልጆቼ ከአጎታቸው ጋር ሆነው አንድ ትልቅ ዘንዶ እየጮኸ ሰው የሚያሳድድበት ፊልም አዩ። ከዚያ ወዲህ ትንሹ ልጄ ብቻዬን ሽንት ቤት አልሄድም ብሏል። እንዳጋጣሚ ሰሞኑን ጓሯችን ካለው ካብ አንድ ቀጭን እባብ ወጥቶ ጎረቤቶች ተሯሩጠው ገደሉት። እናቴ "ጓደኛው ሊበቀል ይመጣል" ትላለች። ወንድሜ ደግሞ "ቢነድፋችሁ እኔ መርዙን መጥጬ እተፋዋለሁ፣ ፊልም ላይ አይቻለሁ" ይላል። የቱን ልመን?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከዘንዶውም ከእናትሽ ወሬም በላይ ያስፈራኝ ወንድምሽ ነው። እሱን አስቀድሜ ልጨርስ።

የመርዛም እባብ ጥርስ እንደ መርፌ ነው። መርዙን ቆዳ ላይ አይቀባም፣ ሥጋ ውስጥ ይወጋዋል። በአፍ ተመጥጦ የሚወጣው ከምንም አይቆጠርም። ፊልም ላይ ጀግናው በጩቤ በጣ ያደርግና ይመጥጣል፣ ይተፋል፣ ልጅቷ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ሙዚቃ ይገባል። በእውነተኛው ዓለም ግን መብጣት ትርፉ ደም ማፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ነው፣ በገመድ ጠፍንጎ ማሰርም እግር ሊያሳጣ ይችላል። ትክክለኛው ነገር ለፊልም አይመችም፣ አሰልቺ ነው። ሊያብጥ ስለሚችል ቀለበትና ጫማ ቶሎ ማውለቅ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳያንቀሳቅስ ማድረግ፣ ከዚያ ባጃጅም ሆነ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል። እባቡን ለመያዝ መሯሯጥ አያስፈልግም፣ ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው። የመርዝ ማርከሻው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ መንገድ ላይ እያላችሁ ደውሎ ማጠያየቅ ጊዜ ያተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ ንድፊያ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ችግሩን ትኩረት የተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ብሎ ከሚጠራቸው ጋር የመደበው ግን ገና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ዘንዶው። የፊልሙን ስም አልነገርሽኝም እንጂ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣውን "አናኮንዳ"ን ይመስላል፣ እዚያ እባቡ እንደ ሰው ይጮኻል። እባብ አይጮኽም። አየር ያስወጣል፣ "እስስ" ይላል፣ በቃ። ምላሱን ሲያወጣና ሲያስገባ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ እያሸተተ ነው፤ የአየሩን ሽታ ለቅሞ ላንቃው ላይ ላለው የማሽተቻ ብልቱ ያቀብላል። አናኮንዳ የሚኖረውም ደቡብ አሜሪካ ነው፣ እኛ አገር ያለው ዘንዶ ሌላ ነው። ሰው ውጦ አያውቅም አልልሽም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ ደሴት ላይ ጠፍቶ የነበረ ሰው 7 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዘንዶ ሆድ ውስጥ ተገኝቷል። ግን ዓለምን ያዞረ ዜና የሆነው ብርቅ ስለሆነ ነው። ደግሞ ፊልም ላይ እንደሚታየው አንዱን ውጦ ወዲያው ሌላውን አያባርርም። አንድ ትልቅ ነገር ለመዋጥ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፣ ከዋጠ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተጋድሞ ያጣጥማል። ከበዓል ምሳ በኋላ ሶፋ ላይ የተዘረጋ አጎት አስቢ።

ማሳደዱ ነው እንግዲህ ትልቁ ውሸት። ሰው የእባብ የዘወትር ምግቡ አይደለም፣ ምን ብሎ ያሳድዳል? ሲወረወር የሚደርሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ርዝመት ግማሽ አያልፍም። እፉኝት ብዙ ሰው የሚነድፈው ስለሚያሳድድ ሳይሆን ስለማይሸሽ ነው፤ መልኩ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር አንድ ሆኖ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ሰው ይረግጠዋል። ስለዚህ ልጅሽን "እባብ የለም" አትበይው። ማታ ሲወጣ ጫማ አድርጎ፣ ባትሪ ይዞ፣ እግሩ ሥር እያየ ይሂድ። ፊልሙ ወደ ኋላ ዞር እያለ እንዲሮጥ ነው ያስተማረው።

እናትሽን አልቆጣም። እኛም በቪዲዮ ቤት እባብ የሚበቀልበትን የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ነን። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውን "ናጊና"ን ያየ ሰው ተዋናይቷ ስሪዴቪ እባብ ሆና ዓይኗን ስታፈጥ አይረሳም። እውነተኛው እባብ ግን ጓደኛው ማን እንደገደለበት አያውቅም፣ ቂምም አይዝም። ሌላ እባብ ከመጣ የሚመጣው ካቡን ብሎ ነው፤ አይጥ አለ፣ ቀዝቃዛ ጥላ አለ። አባቶቻችን "እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ" ሲሉ ከብዙ ዳይሬክተር የተሻለ አይተዋል። ካቡን አስደፍኚው፣ ሥሩ ያለውን ሣርና ቆሻሻ አስጠርጊው።

ሴት ወደ እባብ ስትለወጥ ማንም አይታለልም፣ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ ፊልም ነው ይላል። እኔን የሚያናድደኝ እንደ መጥምጦ መትፋቱ ያለ እውነት የሚመስለው ትንሽ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ ተዋናዮች ከእውነተኛ እባብ ጋር ነው የሚሠሩት? የሐዋሳ ተማሪ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ነው።

መልስ፦ አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ ማሽን ወይም ኮምፒውተር ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ እባብ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንዲያና ጆንስ የመጀመሪያ ፊልም ላይ ሃሪሰን ፎርድ ግብፅ ውስጥ እባብ የሞላበት ጉድጓድ ይገባል። ቀረጻው እንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ኮብራዋና እሱ መሐል መስታወት ነበር፤ በድሮው ቅጂ ነጸብራቁ ይታያል፣ ኋላ ላይ በኮምፒውተር አጠፉት። ወለሉ ላይ ከሚርመሰመሱት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ እግር የሌላቸው እንሽላሊቶች ናቸው።

መለየት ቀላል ነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፣ ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት ነው። ታቦር ላይ እባብ የገፈፈው ቆዳ ካገኘህ ራሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገህ እየው፣ ዓይኑ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ትንንሽ ክብ ላስቲክ የመሰሉ ነገሮች ታያለህ። ከውጭ የሚታይ ጆሮም የለውም። ፊልሙን አቁመህ አጉላው፦ ከጭንቅላቱ ጎን የጆሮ ቀዳዳ ካለው፣ ወይም ዓይኑን ጨፈን ካደረገ፣ እንሽላሊት ነው፤ እባብ አይደለም ካልክ ክርክሩን አሸንፈሃል።