ለልጁ «የለም»፣ ለወረቀቱ 13

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከጎንደር ማራኪ ነኝ። ባለፈው ለጥናት ነው ብሎ አንድ ልጅ ታብሌት ይዞ ቤታችን መጣ፣ ቡና እያፈላሁ ነበር፣ አማቴም ጎረቤቶችም ተቀምጠዋል። እንቅልፍ እምቢ ይልሻል ወይ፣ ያስለቅስሻል ወይ ምናምን ሲለኝ ራስ ምታቱን ብቻ አዎ ብዬ ሌላውን «የለም» እያልኩ ሸኘሁት። ከ3 ሳምንት በኋላ ለዛው ራስ ምታት ጤና ጣቢያ ሄጄ መጠይቅ ሰጡኝ፣ ጥግ ይዤ ብቻዬን ሞላሁት፣ 13 አመጣሁ። የዋሸሁት የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ ምንም አልዋሸሽም። አማቷ ሲኒ ይዘው እየሰሙ «አዎ ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ» የምትል ምራት ካለች አሳዪኝ! እኛ እኮ እንዴት ነሽ ስንባል ጠያቂው ሳይጨርስ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን። ራስ ምታት አያሳፍርም ስለዚህ ወጣ፣ ሆድ የሚያስብሰው ነገር ግን ሰው ፊት አይወጣም፣ ይሄ ደግሞ ጎንደር ብቻ አይደለም፣ በሌላውም አገር ሰው ለጠያቂ ከሚናገረው ይልቅ ብቻውን ሲሞላ የሚያሳፍረውን የበለጠ ያወጣል። ልጁ ለብቻሽ ገለል አድርጎ መጠየቅ ነበረበት፣ እዚህ ላይ እሱን ነው የምወቅሰው።

ደግሞ መጠይቁም አንድ አይመስለኝም። ልጁ የጠየቀሽ በራስ ምታት የሚጀምረው፣ 20 ጥያቄ ያለው የዓለም ጤና ድርጅቱ ኤስአርኪው (የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶችን የሚለይ መጠይቅ) ይመስለኛል፣ ያለፈውን 1 ወር ይጠይቃል፣ መልሱ አዎ ወይ የለም ብቻ። ጤና ጣቢያ የሞላሽው ፒኤችኪው 9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ከሆነ ደግሞ 9 ጥያቄ ነው፣ ያለፉትን 2 ሳምንታት፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ሲደመር እስከ 27። በዚህኛው «አንዳንድ ቀን» ብትዪም 1 ይያዝልሻል፣ በልጁ መጠይቅ ግን አንዳንድ ቀን የሚከፋው ሰው ምን ይበል? የለም ይላል ይገላገላል። በሁዳዴ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰውማ ምን እንደሚመልስ እሱ ይወቀው 😄

13 ግን ድብርት አለብሽ የሚል ምርመራ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 እና ከዛ በላይ ሲሆን ባለሙያ ቁጭ ብሎ ያናግርሽ ማለት ነው፣ ስለዚህ ተመለሺ። መጨረሻ ላይ ስለ ሞት ማሰብ የሚጠይቀውን 9ኛውን ከ0 በላይ ሞልተሽ ከሆነ ግን ነገ ከነገ ወዲያ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ስትገቢም ብቻሽን ግቢ፣ አማትሽ አብረው ከመጡ ደጅ ይጠብቁሽ።