«ወገቤን ነው» ያለ ሁሉ ወገቡን አያመውም፦ ጥያቄና መልስ

የወሲብና የሥነ ተዋልዶ ጤና ምክር መስጠት ሥራዬ ነው። ባህሉና እምነቱ ከእኛ ከሚለይ ሰው ጋር ይህን ጉዳይ እንዴት እናውራው ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ ባህሉን የማላውቀው ሰው ሲመጣ አስቀድሜ ምን ላንብብ?

መልስ፦ ማንበቡ አይከፋም። ጣጣው «አንብቤያለሁ፣ አውቃለሁ» ብሎ መግባቱ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የትኛው እምነት ምን እንደማይወድ በቃሌ ይዤ ነበር። አንድ ቀን ጠና ያሉ እናት መጡ። ለእሳቸው ነውር ይሆናል ብዬ ኮንዶም የሚለውን ቃል ሳልተነፍስ ጨረስኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና «ልጄ፣ ስለ ኮንዶም ልጠይቅህ ነበር የመጣሁት። ስታፍር ባይህ ጊዜ ተውኩት» አሉኝ። ለካ ያፈርኩት እኔ ነኝ!

እ.ኤ.አ. በ1998 ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ የተባሉ ሐኪሞች «የባህል ትሕትና» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የሰው ባህል ተጠንቶ የሚያልቅ ትምህርት አይደለም፤ የራስን ግምት ዕድሜ ልክ መፈተሽ ይጠይቃል ነው ነገሩ። እኔ «አትገምት፣ ጠይቅ» ብዬ ይዤዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰውየው የብልትን ስም መጥራት ካፈረስ?

መልስ፦ አያስገድዱትም። «ወገቤን ነው» ካለ ከወገቡ እጀምራለሁ። ቀጥዬ «ይህን የምጠይቀው የመጣውን ሁሉ ነው፤ ካልተመቸህ እናልፈዋለን» እልና ወደ ሽንቱና ወደ ግንኙነቱ እገባለሁ። ጃክ አኖን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የምክር አሰጣጥ ዘዴም የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ ነው፤ ሰውየው ስለዚህ ጉዳይ ማውራት እንደሚችል እንዲሰማው ማድረግ።

ግን ሽፍንፍኑ እስከ መጨረሻው አይሄድም። «ታች» ሲል ብልቱን ነው? ፊንጢጣውን ነው? ሆዱን ነው? ሥዕል አቀርብለትና በጣቱ ያሳየኛል። ከዚያ በኋላ እሱ ባለው ቃል እንግባባለን።

ጥያቄ፦ ባል «እኔ አስተረጉምላታለሁ» ቢልስ?

መልስ፦ አይሆንም። ልጆችም አይሆኑም። እሷ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናግራ ባል «ደህና ነኝ ትላለች» ሲል ሰምቻለሁ። ሚስጥር ጠባቂ አስተርጓሚ ይፈለግ፤ በአካል ከሌለ በስልክ። ቤት ውስጥ ዱላ ይኑር አይኑር እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ «ወንድ አማካሪ አልፈልግም» ብትለኝ ልቀየም?

መልስ፦ ምን ያስቀይማል? ሴት ባልደረባ ካለች ይጥሯት።

ጥያቄ፦ «የዘር ፈሳሽ ሲወጣ አቅሜ ያልቃል» የሚል ወጣት መጣ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

መልስ፦ እንኳን አላመለጠዎት። በደቡብ እስያ ይህ ስጋት በደንብ ይታወቃል፤ ሕንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ዊግ እ.ኤ.አ. በ1960 «ዳት ሲንድረም» ብለውታል። «ፈሳሹ አቅም አይጨርስም» ብሎ ማስረዳት ተገቢ ነው፤ መጀመሪያ ግን ይጠይቁት። «ምን ያመጣብህ ይመስልሃል? ከሁሉ በላይ የሚያስፈራህ ምንድን ነው?» እንደዚህ ያሉትን ጥያቄዎች ያስለመዱን የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁሩ አርተር ክላይንማን ናቸው። ድካሙ ውስጥ ድብርት ወይም ጭንቀት ሊኖር ይችላል። ከሳቁበት ያንን አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ወላጆች «ድንግልናዋን አረጋግጡልን፣ ባህላችን ነው» ሲሉስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ አልደራደርም። ድንግልናን የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። የድንግልና ስስ ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል፤ አይቶ ግንኙነት ፈጽማለች አልፈጸመችም ማለት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጊቱ እንዲቀር ጠይቀዋል። ምርመራው ራሱ ልጅቷን ይጎዳል።

ወላጆቹን ግን አልቆጣም። «ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ የጠየቃችሁኝ ነገር ግን በሕክምና የለም» እላለሁ። ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግራለሁ። ተገዳ ይሆናል፣ ፈርታም ይሆናል። እሷ ሳትፈቅድ የነገረችኝ ወደ ወላጆቿ አይሄድም፤ ሕጉ አሳውቅ የሚለኝ ነገር ካለ ደግሞ አስቀድሜ ለራሷ እነግራታለሁ።

ጥያቄ፦ ላላገባች ሴት ስለ አባላዘር በሽታ ማንሳት ስድብ አይሆንም?

መልስ፦ «አግብተሻል?» ብሎ መጀመር ነው የሚያጣላው። አላገባሁም ካለች ሁለታችሁም ተዘጋችሁ። «የግንኙነት ጓደኛ አለሽ ወይስ ነበረሽ?» ይበሏት። ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር በሽታ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ እያፈርን ዝም ካልን ሳይታወቅ ቆይቶ መካንነት ሊያመጣ ይችላል። ጥያቄውን ሲጠይቁ ደግሞ ቀና ብለው ይጠይቁ። ወረቀት ላይ አቀርቅሮ የሚጠይቅ አማካሪ ጉዳዩ ነውር እንደሆነ አስቀድሞ ነግሯታል።